ጋሸና ላይ ውሃ በ90 ዲግሪ ይፈላል

ጋሸና ላይ ንፍሮ ቶሎ አይበስልም። ቆቦ ላይ ለአቦል የሚደርስ ባቄላ፣ አክስቴ ጓዳ ውስጥ በረካ ተጠጥቶም ገና ጥርስ ይሰብራል። አክስቴ «አገሩ ነው» ትላለች፣ ነገሩን በዚህ ትዘጋዋለች። እኔም የአክስቴን አባባል እንደ ተረት ነበር የምሰማው። ተረት እንዳልሆነ የገባኝ የአጎቴ የወፍጮ ሞተር ከሞተ በኋላ ነው። ስልካችሁን ይዛችሁ ይህንን የምታነቡ ልጆች፣ ቤተሰባችሁ ውስጥ ጄኔሬተር፣ የውሃ ፖምፕ፣ ሚኒባስ ወይም አይሱዙ ያለው ሰው ካለ ይህችን ታሪክ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

የመንግሥት ጦር ጋሸናን መልሶ መያዙ የተነገረው ኅዳር 22 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። ተኩሱ ጋብ አለ፣ መብራት ግን አብሮ አልመጣም። ላሊበላም ጋሸናም ዙሪያው ያሉ የገጠር ቀበሌዎችም ለብዙ ወራት ከብሔራዊው የኤሌክትሪክ መስመር ውጪ ነበሩ። በመብራት የሚሠራ ወፍጮ ሁሉ ቆመ። እህል ያለው ሰው ዱቄት አጣ። እናቶች እንደ ድሮው ወደ ድንጋዩ ወፍጮ ተመለሱ፤ መጅ ይዞ ማጎንበስ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ።

አጎቴ የዚያን ጊዜ ሁለት በሬ ሸጦ፣ ከዘመድ ተበድሮ አንድ ያገለገለ የናፍጣ ጄኔሬተር ገዛ። ወፍጮው ተነሳ። በአህያም በጀርባም እህል የጫነ ሰው ከየአቅጣጫው ይመጣ ጀመር። እኔ ተመርቄ ሥራ ፍለጋ ላይ ነበርኩና ሰልፍ አስይዛለሁ፣ ገንዘብ እቀበላለሁ።

ጄኔሬተሩ አንድ ችግር ነበረው፤ በመሃል ይቆማል። ጎኑ ላይ የስልክ ግማሽ የምታህል ስክሪን አለችው። ቢጫ መብራት ትበራለች፣ ትጮሃለች፣ ሞተሩ ቀጥ ይላል። ልጁ ራዲያተሩ ላይ ውሃ ይጨምራል፣ ይነሳል። ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ ደግሞ ያው። በቀን ሦስት ጊዜ። ሰልፈኛው ያጉረመርማል፣ አጎቴ ይበሳጫል።

አንድ ቀን መካኒክ ተጠራ። ራዲያተሩን ከፍቶ አየና «ውሃ አለው እኮ! ሴንሰሩ ነው የሚያሾፍባችሁ» አለ። ከዚያ በስክሪኗ ጀርባ ገብቶ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች አውጥቶ አጋጠማቸው፣ በጥቁር ቴፕ ጠቀለላቸው። «በቃ፣ ዳይሬክት ሆኗል። ከእንግዲህ አይጮህም።» አጎቴ መረቀው፣ ከፈለው። ጨለማ ስለነበር የስልኬን ባትሪ ያበራሁለት እኔ ነኝ።

እውነትም አልጮኸም። አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ ለፋሲካ ዱቄት ሰው በተሰለፈበት ሰሞን፣ የሞተሩ ድምፅ ወፈረ። የሙቀቱን ቆጣሪ አየሁት፤ አረንጓዴው ላይ ነው። እንዲያውም ትንሽ ወረድ ብሏል። «ቀዝቅዟል» ብዬ ዞር ስል አንድ ጊዜ ክርትት አለና ቆመ። ከዚያ በኋላ በምንም አልተነሳም። ሞተሩ ነክሷል። ስናየው ራዲያተሩ ውስጥ ጠብታ ውሃ የለም።

ሙቀቱ ቆጣሪ አረንጓዴ ላይ ሆኖ ሞተር እንዴት ይቃጠላል? ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ።

አራቱ ዘበኞች

የናፍጣ ሞተር ከቤንዚን ሞተር በአንድ ነገር ይለያል፤ ሻማ የለውም። አየሩን በኃይል ጨምቆ ያግለዋል፣ ናፍጣው ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ዲዝል በዚህ መንገድ የሚሠራውን ሞተሩን አውግስቡርግ ከተማ ውስጥ አሳክቶ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። ትልቁ ጥንካሬው ይኸው ነው፤ የድሮው ዓይነት አንዴ ከተነሳ ባትሪ ብትነቅልበትም ይሄዳል። ችግሩም ይኸው ነው። እንዲቆም ከፈለግህ ናፍጣውን መዝጋት አለብህ፤ ናፍጣ እስካገኘ ድረስ ራሱን እስኪበላ ይሠራል።

ስለዚህ ዘበኛ ያስፈልገዋል። እነዚህ የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያዎች ስማቸውና ዋጋቸው ይለያይ እንጂ ሥራቸው አንድ ነው። ሴንሰር ያያል፣ ትንሿ ኮምፒውተር ታመዛዝናለች፣ መጀመሪያ ታስጠነቅቃለች፣ ካልተሰማች ናፍጣውን የሚዘጋውን ቫልቭ ታዛለች። ዋና ዋናዎቹ ዘበኞች አራት ናቸው።

አንደኛው የዘይት ግፊትን ይጠብቃል። ሞተር ውስጥ የሚሽከረከሩት ብረቶች እርስ በርስ የሚነካኩ ይመስለናል እንጂ በስስ የዘይት ንጣፍ ላይ ነው የሚንሳፈፉት። ግፊቱ ከጠፋ ብሮንዚኖቹ በደቂቃዎች ውስጥ ይላጣሉ። አራቱም ውስጥ ጊዜ የማይሰጠው ይህ ነው።

ሁለተኛው የውሃውን ሙቀት፣ ሦስተኛው የውሃውን መጠን ያያሉ። ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፣ አይደሉም። የአጎቴን ሞተር የገደለውም ይህ ልዩነት ነው፤ እመለስበታለሁ።

አራተኛው ፍጥነት ነው። የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ አብዛኛው ጄኔሬተር በደቂቃ 1,500 ዙር ላይ መሽከርከር አለበት። ከዚያ ብዙ ካለፈ ወፍጮውን ያቃጥላል፣ ሲብስ ራሱን ይበታትናል። ፍጥነትን የመጠበቅ ሐሳብ ከናፍጣ ሞተርም ይቀድማል፤ ጄምስ ዋት እ.ኤ.አ. በ1788 በእንፋሎት ሞተር ላይ የሚሽከረከሩ ሁለት የብረት ኳሶች ገጥሞበት ነበር። ሞተሩ ሲፈጥን ኳሶቹ ይከፈታሉ፣ እንፋሎቱን ይቀንሳሉ። ዛሬ የኳሶቹን ሥራ አንዲት ሴንሰር የጥርስ ብረት እየቆጠረች ትሠራዋለች።

የአክስቴ ንፍሮና የራዲያተሩ ክዳን

አሁን ወደ ጋሸና እንመለስ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው የተቀመጠችው። እዚያ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በ30 ከመቶ ገደማ ያነሰ ነው። ግፊት ሲቀንስ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ ጅቡቲ ወደብ ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውሃ ጋሸና ላይ በ90 ይፈላል። የአክስቴ ባቄላ የማይበስለው ለዚህ ነው። ድስቱ ይንተከተካል፣ ግን ከ90 በላይ አይግልም። እንጨት ብትጨምርበት እንፋሎቱ ነው የሚበዛው።

ራዲያተርም ያው ድስት ነው። የሞተር ውሃ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ ነው፤ ልክ እንደ ፕሬዠር ድስት ግፊቱን አፍኖ ይይዛል። ክዳኑ ጤነኛ ከሆነ ጋሸና ላይም ውሃው እስከ 110 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑ ላይ ያለችው ጎማ ካረጀች ግን የአክስቴ ድስት ሆነ ማለት ነው፤ በ90 ይንተከተካል፣ በእንፋሎት ይሄዳል።

የአጎቴ ጄኔሬተር ስክሪን ላይ ሙቀት ለማስቆም የተሞላው ቁጥር 98 ነበር። አስቡት። ውሃው በ90 እየፈላ ያልቃል። ዘበኛው 98ን ይጠብቃል። 98 አይመጣም። ውሃው ካለቀ በኋላ ደግሞ የሙቀት ሴንሰሯ ባዶ ቦታ ላይ ተንጠልጥላ ትቀራለች። ሴንሰሯ የተሠራችው የነካትን ውሃ እንድትለካ ስለሆነ ብረቱ እየጋለ እሷ ዝቅ ያለ ቁጥር ልታሳይ ትችላለች። «ቀዝቅዟል» ያልኩት ያንን ነው።

እንግዲህ በዚያ ከፍታ፣ በዚያ ያረጀ ክዳን፣ እውነቱን የምትናገር አንዲት ዘበኛ ብቻ ነበረች፤ የውሃውን መጠን የምታየው። በቀን ሦስት ጊዜ «ውሃ አለቀ» ስትል የነበረው አለመበላሸቷን ሲያሳይ ነበር። ውሃው በእርግጥ እያለቀ ነው! መካኒኩ ሲመጣ ራዲያተሩ ሙሉ የነበረው ልጁ ገና አሁን ስለሞላው ነው። እኛ ግን አፏን በቴፕ ዘጋንባት።

ከፍታ ሌላም ጣጣ አለው። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ እንደ ተለመደው ግምት ከተወሰነ ከፍታ በላይ በየ100 ሜትሩ 1 ከመቶ ገደማ። ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘውም ያው ስስ አየር ነው። አዲስ አበባ ላይ በተጻፈ ማስታወቂያ ተማምኖ ጋሸና ላይ ሙሉ ጭነት መጫን ማለት ሞተሩን ከአቅሙ በላይ ማሠራት ነው።

«ዳገት መሃል ቢያቆመኝስ?»

ጋሸና መገናኛ ናት። ከወልድያ ወደ ደብረ ታቦርና ወረታ የሚሄደው፣ ሰው «የቻይና መንገድ» የሚለው፣ ወደ ላሊበላ ከሚወርደው ጋር የሚገጥመው እዚያ ነው። ለገና ወደ ላሊበላ የሚጎርፈው ምዕመን በአውቶብስ የሚያልፈው በዚያ ነው። ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ሹፌሮችን ማውራት ጀመርኩ። የአንዱ ከባድ መኪና ዳሽቦርድ ላይ የተለጠፈች ቁራጭ ጥቁር ቴፕ አየሁ። ሥሯ ምን እንዳለ ጠየቅኩት። ሳቀ። «መብራቷ ዓይኔን እየወጋችኝ ነው።»

«ጋሼ፣ የሞተር ማስጠንቀቂያ እኮ ናት» ስለው ሳቁን አቆመና እንዲህ አለኝ፤ «ስማ ወንድሜ፣ የድልብን ዳገት ታውቀዋለህ? ከጎኔ ገደል፣ ከኋላዬ የተጫነ መኪና። እዚያ መሃል ኮምፒውተሩ "ደክሞኛል" ብሎ ቢያቆመኝ አንተ ትገፋኛለህ?»

ልክ ነው። ይህንን ጥያቄ የመሣሪያዎቹ ሠሪዎችም ያውቁታል። ለዚህ ነው ዘመናዊ መኪና ላይ ያለው ኮምፒውተር ብዙውን ጊዜ ሞተሩን ቀጥ አድርጎ የማያቆመው። መጀመሪያ ቢጫ መብራት፣ ቀጥሎ ቀይ፣ ከዚያ ጉልበት መቀነስ፤ ዳር ይዘህ እንድትቆም ጊዜ ይሰጥሃል። የእሳት ማጥፊያ ውሃ የሚገፉ የናፍጣ ፖምፖች ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በአሜሪካ የእሳት መከላከያ ደንብ መሠረት እንዲህ ያለው ሞተር በእሳት ጊዜ ቢግልም ዘይት ቢያጣም ይጮሃል እንጂ በራሱ አይቆምም፤ በራሱ የሚያቆመው ከልክ ያለፈ ፍጥነት ነው። ሕንፃው እየነደደ ሞተር ማትረፍ ምን ይጠቅማል?

ስለዚህ ጥያቄው «ዘበኛ ይኑር ወይስ አይኑር» አይደለም። ጥያቄው «ሲቆም ምን ይቀራል፣ ሳይቆም ምን ይጠፋል» ነው። ወፍጮ ላይ ሲቆም የሚቀረው የሃያ ደቂቃ ዱቄት ነው። መኪና ላይ ዳገቱ መሃል መቆም አደጋ ነው፤ መብራቷን በቴፕ መሸፈን ግን መልስ አይሆንም። ዳገቱ ሥር ሳለህ ብታያት ኖሮ ሥሩ ላይ ትቆም ነበር።

ዝምታ የሚከፈልበት ገበያ

የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነውና ነገሩን በወረቀት ላይ አስቀመጥኩት። አንድ መቆም አጎቴን ሃያ ደቂቃ፣ ማለትም ወደ 350 ብር ያሳጣዋል። ሞተሩን ለማደስ፣ ቴስታታውን ጨምሮ፣ የተጠየቀው 140 ሺህ ብር ነበር። 140 ሺህን ለ350 ስናካፍል 400 ይመጣል። በቀን ሦስት ጊዜ ቢቆም እንኳ ኪሳራው እድሳቱን የሚያክለው ከአራት ወር በላይ ቆይቶ ነው። ክዳኑስ? 500 ብር አይሞላም።

ታዲያ አጎቴ ሞኝ ነው? በፍጹም። ከእኔ የተሻለ ያሰላል። ግን መቆሙ ዛሬ ነው፣ ሰልፈኛው ፊት ለፊት ቆሞ እያጉረመረመ ነው። መቃጠሉ ደግሞ «ምናልባት» ነው፣ ነገ ነው። መካኒኩም የሚከፈለው ጩኸቱን ዝም ሲያሰኝ ነው፤ የጩኸቱን ምክንያት ለመፈለግ ግማሽ ቀን ቢቀመጥ ማን ይከፍለዋል? የመኪና ሹፌርም በጉዞ ነው የሚከፈለው፣ ሞተሩ የባለቤቱ ነው። ሁሉም ሰው ለራሱ ትክክል አስቦ ሞተሩ ይሞታል።

ዋጋው ደግሞ በየዓመቱ እየከበደ ነው። በ2014 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ 49 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ሊትር ናፍጣ በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ 98 ብር ከ98 ሳንቲም ገባ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ፒስተንም፣ ብሮንዚንም፣ ፖምፕም የሚመጡት በዶላር ነው። ሞተር ማቃጠል ያኔ ውድ ነበር፣ አሁን ደግሞ እጥፍ ነው።

የዚያ ሞተር ኪሳራ ግን በአጎቴ ኪስ ብቻ አላለቀም። በተሰለፉት ሴቶች ላይም ወደቀ። የዚያን ቀን እህላቸውን መልሰው ጫኑ። አንዲት እናት «ሁለት ሰዓት መጣሁ፣ ሁለት ሰዓት ልመለስ፣ ሌሊት ደግሞ ልፍጭ» አለች፣ ማንንም ሳትቆጣ። አክስቴም ያን ፋሲካ በመጅ ነው የፈጨችው። መዳፏን ሳይ የስልኬ ባትሪ ትዝ አለኝ።

ስልካችሁ ምን ይሠራል?

እውነት ለመናገር ብዙ ይሠራል። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡ አዳዲስ አነስተኛ መኪኖች ሁሉ አንድ ዓይነት የመመርመሪያ ሶኬት እንዲኖራቸው ግዴታ ሆነ፣ አውሮፓም ተከተለ። ኦ.ቢ.ዲ ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከመሪው ሥር ነው። በብሉቱዝ የምትሠራ ትንሽ መሣሪያ ሶኬቱ ላይ ትሰካለህ፣ ስልክህ ላይ አፕ ትጭናለህ፣ የሞተሩን ሙቀትና ፍጥነት፣ የብልሽቱንም ኮድ ታያለህ። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። እነዚህ ርካሽ መሣሪያዎች የተሠሩት ለ12 ቮልት መኪና ነው፤ 24 ቮልት ላይ የሚሠራ የጭነት መኪና ላይ አትሰኩ፣ ቋንቋውም ሶኬቱም ሌላ ነው። ሁለተኛ፣ ኮድ መደምሰስ ጥገና አይደለም። «መብራቷን አጠፋኋት» የሚል ሰው የእኛን ቴፕ በዘመናዊ መንገድ ለጥፏል ማለት ነው።

ለጄኔሬተርም በሲም ካርድ የሚሠሩ አሉ፤ ውሃ ሲጎድል ወይም ናፍጣ ሲያልቅ የጽሑፍ መልዕክት ይልካሉ። ጥሩ ነው። ግን በዚያ ጦርነት እኛ ጋ መብራት ብቻ ሳይሆን ስልክም ጠፍቶ ነበር። ኔትወርክ የሚጠብቅ ዘበኛ ኔትወርክ ሲጠፋ አብሮ ይተኛል። መጀመሪያ እዚያው የሚጮህ ጡሩንባና እዚያው ናፍጣ የሚዘጋ ቫልቭ ይኑር፣ መልዕክቱ ሁለተኛ ይምጣ።

ሞተር ላለው ዘመዳችሁ ዛሬውኑ ልትሠሩለት የምትችሉት ግን ከዚህም ይቀላል። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱ፣ ጎማዋን እዩ፤ ከተሰነጠቀች ቀይሩ፤ ስትቀይሩም ክዳኑ ላይ የተጻፈው የግፊት ቁጥር ያው መሆኑን አረጋግጡ። ሞተር ሲግል ክዳን የከፈተ ፊቱን ያጣል፣ ይህ ቀልድ አይደለም። የመቆጣጠሪያውን ስክሪን ፎቶ አንሱት፤ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ከማጥፋታችሁ በፊት ደግሞ አንሱት። ሦስት ፎቶ ሲደመር ለመካኒኩ ከብዙ ወሬ ይበልጥ ይነግረዋል። ደጋ ላይ ከሆናችሁ «የሙቀት ማስቆሚያው ስንት ላይ ነው? ለዚህ ከፍታ ይሆናል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከመቆጣጠሪያው ጀርባ በቴፕ የተጠቀለለ ሽቦ ካያችሁ ደግሞ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንዳደረገው ሳታውቁ አትለፉት።

አጎቴ ሞተሩን ያሳደሰው በሌላ ብድር ነው። አዲስ ክዳን ተገዛለት፣ ሁለቱ ሽቦዎች ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ዛሬ ወፍጮው በመብራት ነው የሚሠራው፤ መብራት ሲጠፋ ግን ጄኔሬተሩ ይነሳል። አልፎ አልፎ አሁንም ይጮሃል፣ ይቆማል። ባለፈው ስሄድ እንዲህ ሆኖ ሰልፍ ላይ የነበረች አንዲት ልጅ ማጉረምረም ስትጀምር፣ ከኋላዋ የቆመች አሮጊት ከንፈሯን መጠጥ አድርጋ «ተይው ልጄ፣ ውሃ ጠምቶት ነው» አለቻት። አጎቴ ጆጉን አንስቶ መጣ።